የከድጃ ምሳ

ጅማ፣ ጥቅምት 6 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ አክስቴ ለእትዬ ፋንቱ፣ ቤሩት

ዝናቡ ሊያባራ ሲል የጻፍኩት ሰላምታ በፀሐይ ይድረስሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። እማዬ ወገቤን ከማለቷ፣ አባዬም ዜና እየሰማ ከማንኮራፋቱ በቀር በቤታችን ክፉ ነገር የለም። እማዬ ቅዱስ ገብርኤል በሰው አገር ይጠብቃት ብላለች፤ እኔም አሜን ብያለሁ።

አሁን ወደ ብሶቴ ልግባ። አሥረኛ ክፍል ገብቻለሁ፤ በዓመቱ መጨረሻ አገር አቀፍ ፈተና አለብን። ቁመቴ አሁንም መጨመሩን አላቆመም። እግሬ 41 ሆኗል። ጅማን ብትዞሪያት 41 ቁጥር የሴት ጫማ አታገኚም። የሄርማታ ገበያ ነጋዴዎች እግሬን ዓይተው እርስ በርስ ይተያዩና የወንድ ጫማ ያወጡልኛል። ይኸው የወንድ ጫማ አድርጌ ነው የምማረው። ክፍል ውስጥ ናርዲ ብሎ የሚጠራኝ የለም፤ «አንቴና» ነው ስሜ። ያወጣችልኝ ሊያ ናት፤ ሊያ ማለት ሁሉም ሰው አጠገቧ መቀመጥ የሚፈልገው ልጅ ናት። እኔም ፈልጌ ነበር፣ ምን እደብቅሻለሁ።

ታዲያ የክፍላችን ኃላፊ ቲቸር ጎሳዬ ምን አደረገኝ መሰለሽ? በሰው ሁሉ ፊት «አንቺ ረጅምም ጠንካራም ነሽ፣ ከድጃ ጋር ተቀመጪ፤ ቦርሳዋንም ደረጃውን አንቺ ታወጪላታለሽ» አለኝ። ከድጃ ከጅማ ወጣ ብላ ያለችው የየቡ ልጅ ናት፤ ሄርማታ ጨርቅ የሚነግደው አጎቷ ጋሽ ኢስሃቅ ቤት ሆና ነው የምትማረው። የልብ በሽተኛ ናት። ደረጃ ላይ እየቆመች ነው የምትወጣው፤ ከንፈሯ ይጠቁራል። ያሳዝናል፣ ግን እኔስ? እሷን ደግፌ ስወጣ ሁሉም ከኋላችን ይስቃል። መጀመሪያ ቀን አመሰግናለሁ እንኳ አላለችኝም። «ቦርሳዬን አትጎትቺው፣ ፍየል አይደለም» አለችኝ።

እትዬ፣ ሌላ ነገር አልጠይቅሽም። 41 ቁጥር የሴት ጫማ ብቻ። ቀለሙ የፈለገው ይሁን።

አንቴናዋ ናርዲ

*

ቤሩት፣ ኅዳር 4 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለቀውላላዋ ልጄ ለናርዲ

እግዜር ከነቁመትሽ ያኑርሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ብቻዬን ስስቅ ማዳም ምን ሆነች ብላ በበሩ ብቅ አለች። እኔ ደህና ነኝ። ሥራዬ ያው የማዳምን እናት መጠበቅ ነው፤ አነሳታለሁ፣ አጥባታለሁ፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ እሰጣታለሁ። ጽሑፌ የተንጋደደው እጄን ትንሽ ዘይት ነክቶኝ ነው፤ ለእናትሽ አትንገሪያት። የእሁድ ፈቃዴም አንዳንዴ ይቀራል። ፖስታ ቤት የምትልክልኝን ጓደኛዬን የማገኛት ቤተክርስቲያን ስለሆነ ደብዳቤዬ ቢዘገይ ምን ሆነች ብለሽ አትደንግጪ።

ስለዚያች ልጅ አንድ ነገር ልንገርሽ። የታመመ ሰው አፉ መራራ ነው። የእኔዋ አሮጊት በቀን ስንቴ እንደምትሰድበኝ ብታውቂ! ደግሞ አንድ ነገር አስቢ፤ ቦርሳ ሲያሸክሙሽ ያፈርሽው አንቺ ብቻ ነሽ? በእኩያዋ ማሸከሟ እሷንስ ደስ ያሰኛት መሰለሽ? የሳቁት ይሳቁ። ጥርስ ያለው ሁሉ ይስቃል።

ጫማሽን አገኛለሁ። እዚህ እንዳንቺ ያሉ ሴቶች ሞልተዋል፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው ነው የሚሄዱት። ለገና አገር የምትገባ ፍሬሰላም የምትባል ልጅ አለች፤ በእሷ እልከዋለሁ።

እናትሽን ሳሚልኝ፤ ጎንበስ ብለሽ።

አክስትሽ ፋንቱ

*

ጅማ፣ ኅዳር 26 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለእትዬ ፋንቱ

የጾሙ በረከት ባለሽበት ይድረስሽ። ዘንድሮ የኛ ጾመ ነቢያትና የእስላሞቹ ረመዳን አብረው ገቡ፤ ከተማው በሙሉ ተርቦ ነው የሚውለው። ግማሹ ሥጋ አልበላም ይላል፣ ግማሹ ጭራሽ አልበላም ይላል።

ብለሽኝ ነበር፣ ልክ ነሽ፤ ከድጃ አፏ ብቻ ነው መራራ። አንድ ቀን ሊያ በሰው ፊት «አንቴና፣ ስንት ጣቢያ ትስቢያለሽ?» አለችኝ። ከድጃ ከደብተሯ ቀና እንኳ ሳትል «አንቺ ካለሽበት በቀር ሁሉንም» አለቻት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በሕይወቴ ሰው ለእኔ ብሎ ሲመልስ ያ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት በኋላ በቾ ቦሬ ሰፈር እኛ ቤት እየመጣች እስኪመሽ አብረን እናጠናለን። ሒሳብ እሷ ታስረዳኛለች፤ ሲያቅተኝ «ማሎ፣ እባክሽ ናርዲ፣ ጭንቅላትሽ እዚያ ላይ ሆኖ ደም አይደርሰውም እንዴ?» ትለኛለች። ከሌላ ሰው ብሰማው አለቅስ ነበር።

አሁን የምነግርሽን ለማንም አትንገሪ። ሩቅ ስላለሽ ነው የምነግርሽ።

ሐኪም እንዳትጾም ከልክሏታል። ቤተሰቦቿም እንዳትጾም ነው የሚፈልጉት። ምሳዋን በምሳ ዕቃ ቋጥረው፣ ከምግብ ጋር የምትውጠውን ክኒን አብረው ይሰጧታል። እሷ ግን እየጾመች ነው። ምሳውን የምበላላት እኔ ነኝ።

እንዴት ሆነ ብትይ፣ ረመዳን የገባ ቀን ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ «ብዪልኝ» አለችኝ። ለልጆች እንስጠው ብላት፣ የጋሽ ኢስሃቅን ምሳ ዕቃ ሄርማታ ውስጥ የማያውቀው የለም፣ ወሬው ከኔ ቀድሞ ቤት ይገባል አለች። እንጣለው ስላት ምግብ አይጣልም አለች። «እኔ ጾመኛ ነኝ» አልኳት። ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «አንቺ የሚቀጥለውን ዓመት ትጾሚያለሽ። እኔ ሦስት ረመዳን እንደ ሕፃን ስበላ አሳለፍኩ። አላህ ዘንድ ስቆም ምን ይዘሽ መጣሽ ቢለኝ ክኒን ልበለው?» አለችኝ።

ምን እላታለሁ፣ እትዬ? በላሁላት። መጀመሪያ የምስር ሳምቡሳ ነበር። በማግስቱ እንቁላል። ትናንት ሥጋ፤ በጾም፣ ያውም የእስላም ሥጋ። እማዬ ብታውቅ ቤት አታስገባኝም። ልዋሽሽ አልችልም፣ ጣፈጠኝ። እማዬ ደግሞ «ሰው በጾም ይከሳል፣ አንቺ ፊትሽ ሞላ» እያለች ትገረማለች።

ክኒኑን ማታ ትውጠዋለሽ ወይ ስላት አዎ ትላለች። አንዱ ግን ሽንት የሚያበዛ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚያመላልሳት ትዘለዋለች መሰለኝ። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። የመረጠችኝ እኔን ነው።

ናርዲ

*

ቤሩት፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1993 ዓ.ም.

ናርዲ፣

ሰላምታውን ዛሬ ተይው፤ ሌላ ጊዜ እጥፍ አድርጌ እሰጥሻለሁ። ይህን እንዳነበብሽ ቦርሳሽን ሳታስቀምጪ ጋሽ ኢስሃቅ ሱቅ ሂጂና ሁሉንም ንገሪው።

ያ የዘለለችው ክኒን የውሃ ክኒን ነው። የእኔም አሮጊት ልቧ ነው የታመመው፤ ከሐኪሙ አፍ ነው የሰማሁት። እሱን ካልዋጡ ውሃው እግር ላይ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ወደ ላይ እየወጣ ሳንባ ይገባል። ማዳም አንድ ጊዜ ለጥቂት ቀን ረስታባት አሮጊቷ በቁሟ ልትሰምጥብን ነበር።

ጾሟ የእሷና የፈጣሪዋ ነው፣ እዚያ አልገባም። ክኒኑ ግን የአንቺም ጉዳይ ነው፤ ስታውቂ ዝም ብለሻልና። ገባኝ እኮ። ሰው መርጦሽ አያውቅም፤ አሁን የመረጠሽ ሰው እንዳይጠላሽ ፈርተሻል። ትጥላሽ። በሕይወት ኖራ ትጥላሽ።

እግዜር እግርሽን ያፍጥነው።

ፋንቱ

*

ጅማ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1993 ዓ.ም.

እትዬ ፋንቱ፣

ለምን አትመልሺልኝም? ተቀይመሽኝ ነው? ያኛው ደብዳቤዬ ጠፍቶ ይሆን እያልኩ ነው።

የከድጃ እግር አብጧል። በጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም። እቤት ረጅም ካልሲ አድርጋ ትደብቀዋለች። ሌሊት ተቀምጣ እንደምታድር ነግራኛለች። ዛሬ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና «ዒድ ሊደርስ ነው፣ ትንሽ ቀረኝ፤ እንዳታበላሺብኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ምሳውን ግን መዋጥ አቃተኝ፤ አፌ ውስጥ ሆኖ አልወርድ አለኝ።

ብነግርባት ዳግመኛ አታናግረኝም። ባልነግር ደግሞ ፈርቻለሁ። እማዬን እንዳልጠይቅ ሥጋ መብላቴ ይወጣል። አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ፤ ብቻ ቶሎ ጻፊልኝ።

ናርዲ

*

ጅማ፣ ጥር 25 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለእትዬ ፋንቱ

ከድጃ ጥር 5 ቀን ሞተች።

የመጨረሻውን ደብዳቤ በጻፍኩልሽ ማግስት ደረጃው ላይ ወደቀች። ቲቸር ጎሳዬና እኔ ተሸክመን አወረድናት። እትዬ፣ ምንም አትከብድም ነበር፤ ያ ሁሉ እብጠት እያለባት። ዒድን ሆስፒታል ዋለች። እኔም ገናን ሳልቆርብ ዋልኩ፤ እማዬ ምነው ስትለኝ ሆዴን አሞኛል አልኳት።

ሆስፒታል ስጠይቃት አፍንጫዋ ላይ የኦክስጅን ቱቦ ነበረ። የአጎቷ ሚስት ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ እጄን ያዘችና «ነገርሽ?» አለችኝ።

«አልነገርኩም» አልኳት።

«ጎበዝ» አለችኝ።

ከእሷ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይሄ ነው። ጎበዝ። ጆሮዬ ላይ ተጣብቋል።

የሞተች ዕለት የቡ ወስደው ቀበሯት። እኛ የሰማነው ክፍል ውስጥ ነው። ሊያ ከሁሉም በላይ አለቀሰች፤ እኔ እንባ እንቢ አለኝ። ልጆቹ እያዩኝ «ይቺ ድንጋይ ናት» ሳይሉ አልቀሩም። ሐኪሙ ልቧ ዱሮውኑ አልቆ ነበር ብሏል አሉ። ስለ ጾሙ ማንም አልጠየቀም። እኔም አልተናገርኩም።

የታኅሣሡ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ጥር 18 ነው። «ትጥላሽ» የሚለው ጋ ስደርስ አጠፍኩትና ጓሮ ወጣሁ። እዚያ ነው ያለቀስኩት።

ጫማው ለገና ደርሷል፤ ልኬ ነው። እግዜር ይስጥልኝ። አላደረግኩትም፣ እንዳይከፋሽ።

አሁን የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። እናቷ አዴ ረሺዳ የቡ ናቸው፤ ለልቅሶ ከክፍል ልጆች ጋር ስንሄድ ግንባሬን ስመው «የልጄ ምርኩዝ» አሉኝ። እንደዚያ እያሉኝ መኖር አልቻልኩም። ልንገራቸው?

ናርዲ

*

ቤሩት፣ የካቲት 18 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለልጄ ለናርዲ

እግዜር ያጽናሽ፤ እሷንም በገነት ያኑራት። ደብዳቤሽን እጄ ላይ ይዤ ስንት ቀን እንደዋልኩ አልነግርሽም።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ ሁሉን በራስሽ አትጫኚው። ያ ደብዳቤ የዘገየው በፖስታ አይደለም። ማዳም ተራራ ላይ ወዳለው ቤታቸው ስትሄድ እኔንና አሮጊቷን ቆልፋብን ነው የሄደችው። ሁለት እሁድ አልወጣሁም። ደብዳቤው ፍራሽ ሥር ተኝቶ እኔ ላዩ ላይ እተኛ ነበር። በመስኮት ለማንም አላፊ ልወርውረው ብዬ አስቤ ነበር፤ ፈራሁ። እጄን ዘይት ነክቶኝ ያልኩሽም ዘይቱ በራሱ አልፈሰሰም። ይሄንንም ለእናትሽ እንዳትነግሪ።

ለጥያቄሽ መልሴ ይኸውልሽ፤ አትንገሪያቸው። ልጃቸው ቢነግሯቸው አትመለስም። አንዴ ሞታባቸዋለች፣ አንቺ ሄደሽ ሁለተኛ አትግደይባቸው። ልቧ ዱሮ አልቋል ብለው ተጽናንተዋል፤ ይጽናኑበት። አንቺ ከበደኝ ብለሽ ሸክምሽን የሐዘንተኛ ትከሻ ላይ አታውርጂ። ለነፍስ አባትሽ ንገሪ፣ ለእኔ ጻፊ፣ ለእሳቸው ግን ዝም በይ። ዝምታ እኔንም እዚህ አቆይቶኛል።

ጫማውን አድርጊው። ጫማው ምን አደረገ?

ፋንቱ

*

ጅማ፣ መጋቢት 20 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ፋንቱ

የቆለፈችብሽን ሴትዮ ልብ እግዜር ያራራልሽ፤ ከዚያ ቤትም በሰላም ያውጣሽ። ስለ እጅሽ ለእማዬ አልነገርኩም፤ ግን እንዳልናገር ካሁን ወዲያ አታስምዪኝ። ዝም በይ የሚባል ነገር ጠልቻለሁ።

እትዬ፣ ቃልሽን አፍርሻለሁ።

አዴ ረሺዳ የከድጃን ደብተሮች ለፈተናሽ ውሰጃቸው ብለው በጋሽ ኢስሃቅ ስለላኩብኝ ሰኞ ዕለት የቡ ሄድኩ። ዝም ልል አስቤ ነው የሄድኩት፤ እውነቴን ነው። በረንዳ ላይ ቡና ሲለቅሙ አገኘኋቸው፤ ጥቁሩንና የተሰበረውን እያወጡ። «ኮቱ ኢንተላ፣ ነይ ልጄ» ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ጾመኛ መሆኔን አውቀው በዘይት የተሠራ ሽሮ አቀረቡልኝ። የኛ ዐቢይ ጾም እንደገባ ማንም ሳይነግራቸው አውቀዋል። እሳቸው ግን አልቀረቡም።

«ይብሉ እንጂ» አልኳቸው።

«እኔ ጾም ነኝ።»

«ረመዳን አለፈ አይደል እንዴ?»

«የከድጃ ነው» አሉኝ፣ ከቡናው ዓይናቸውን ሳያነሱ። «ታማ ያልጾመችው አለባት። ሼኩ ድሃ አብዪላት፣ ይበቃል ብለውኛል። አብልቻለሁ። እኔ ግን የልጄን ዕዳ በእህል ብቻ ከፍዬ መተኛት አልቻልኩም። ሰኞና ሐሙስ እጾምላታለሁ። ያለፉትን ዓመታት ስጨርስ የዘንድሮውን እጀምራለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

እጃቸውን አየሁት። አጥንት ነው የቀረው። እኚህ እናት ልጃቸው ሕይወቷን ሰጥታ የጾመችውን ጾም አልጾመችም ብለው፣ እንደገና ሊጾሙት ነው። አንቺ ብትሆኚ ዝም ትይ ነበር? እንጃ። እኔ አልቻልኩም።

«የዘንድሮው የለባትም፣ አዴ» አልኳቸው። «ዘንድሮ ጾማለች።»

እጃቸው ቆመ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ምሳ ዕቃውን፣ ካልሲውን፣ ደረጃውን፣ ሆስፒታል «ነገርሽ?» ያለችኝን።

«ክኒኑንስ?» አሉኝ ስጨርስ።

«የቀኑን አልዋጠችም። የማታውንም አንዱን ትዘለው ነበር።»

«አንቺ እያወቅሽ?»

«እያወቅኩ።»

ተነሡና ወደ ጓሮ ወደ ቡናው ውስጥ ገቡ። ቆየሁ። ይመጣሉ ብል የሉም። ጎረቤታቸው መጥታ አየችኝና ተመለሰች። ልሂድ ብዬ ተነሥቼ ነበር፤ ግን እንደዚህ ነግሮ መሄድ ከመንገሩ ይብሳል ብዬ ተቀመጥኩ። ሽሮው ቀዘቀዘ። እኔም አልነካሁትም። የቀሩትን ቡናዎች ለቀምኩላቸው፤ ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረኝም።

ፀሐይ ስትገባ፣ አዛን ሲል መጡ። ፊታቸውን ታጥበዋል፣ ዓይናቸው ግን አብጧል። ውሃ ጠጡና ቁጭ አሉ።

«ደስ ብሏት ነበር?» አሉኝ።

«አዎ። ስትጾም እንደ ትልቅ ሰው ነበር የምትሄደው።»

ከዚያ አለቀሱ፣ እትዬ። እኔም አለቀስኩ። ግን አላቀፉኝም። ባያቅፉኝም አልተቀየምኩም።

በኋላ «ያኔ ያንቺም ጾም ነበር አይደል?» አሉኝ።

«አዎ።»

«በጾምሽ በላሽላት።»

«በላሁላት።»

ከለቀምኩት ቡና አንድ ጥቁር ፍሬ አወጡ። «ይቅር ብዬሻለሁ አልልሽም» አሉኝ። «ብልሽ ውሸት ነው። ልቤ ገና አልደረሰም፤ ምናልባትም አይደርስም። ሂሳቡን ግን አውቃለሁ። ልጄ የዘንድሮዋን ከፍላለች። የከፈለችውም ያንቺን ወስዳ ነው። በልጄ ምክንያት የሰው ልጅ ጾም ፈርሶ አይቀርም። ያፈረስሽውን እኔ እጾመዋለሁ።»

«አዴ፣ የኛና የናንተ ጾም እኮ አንድ አይደለም» አልኳቸው።

«ረሃቡ አንድ ነው» አሉኝ። «ብዪ አሁን።»

የቀዘቀዘውን ሽሮ አንድ ላይ በላን። እዚያው አደርኩ፤ ሲነጋ ደብተሮቿን በፌስታል አስረው እስከ መኪናው ሸኙኝ። ቤት ገብቼ ለእማዬም ሁሉንም ነገርኳት፤ ሥጋውንም ጭምር። መጀመሪያ ጮኸች። ከዚያ አዴ ረሺዳ ያሉኝን ስነግራት ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። የት ሄድሽ ስላት ቤተክርስቲያን ነበርኩ አለችኝ።

ነገ ጠዋት ፈተና አለኝ፣ ደብተሯን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ዛሬ ሐሙስ ነው። አዴ ረሺዳ የቡ ላይ በእኔ ፈንታ ሳይበሉ ውለዋል።

ናርዲ